ዒድ ሲደርስ ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ



በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በማንኛውም ቤተሰብ ላይ ሊደርስ የሚችል፣ ነገር ግን አብዛኞቻችን አስቀድመን የማንዘጋጅበት ነው። የልጆች ልብስ ተገዝቷል፤ በጉ በግቢው ታስሯል፤ ዘመድ ከየአቅጣጫው ሊመጣ ነው። በዚህ መሐል ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ሌላ ሰው በሚተላለፍ በሽታ ቢታመምስ? እንግዳ እንመልስ ወይስ በይሉኝታ ዝም ብለን እንቀበል? የዒድ ሶላቱና ዑዱሒያውስ እንዴት ይሆናል? ታማሚውስ ምን ይብላ? እነዚህን ጥያቄዎች በተለይ እንደ ገለጉና መተማ ባለ ቆላማና የድንበር አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ በሚጠቅም መልኩ አንድ በአንድ እናያቸዋለን፤ ኢንሻ አላህ።

በ2012 ዓ.ም ያየናቸው ሁለት ዒዶች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ረመዳን ያለ ተራዊሕ ጀመዓ አለፈ። ግንቦት 16 ቀን 2012 ዓ.ም የዋለውን ዒድ አል-ፊጥር ሕዝበ ሙስሊሙ በስታዲየምና በሜዳ ተሰብስቦ ሳይሰግድ በየቤቱ አሳለፈው። ሐምሌ 24 ቀን የዋለው ዒድ አል-አድሐም በዚያው ስጋት ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት ሐጅ የተደረገው እንኳ በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ይኖሩ በነበሩ እጅግ ጥቂት ሑጃጆች ብቻ ነበር።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ የራሱ ሁኔታ ነበረው። ከሱዳን በገላባት በኩል ተሻግረው መተማ ዮሐንስ የሚገቡ ወገኖች ወደ ቤተሰባቸው ከመቀላቀላቸው በፊት ለ14 ቀናት ወሸባ ይገቡ ነበር። ልጁን ለዒድ የሚጠብቅ ቤተሰብ በስልክ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ዒዱን ያሳለፈበት ጊዜ ነው። አካባቢው በክረምት ለሰሊጥ፣ ለማሽላና ለጥጥ እርሻ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ የሚወርድበት፣ የድንበር ንግድም የሚካሄድበት በመሆኑ አንድ በሽታ ከገባ በቀላሉ ይዛመታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ምክንያት የታወጀው ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። በሽታው ግን አልጠፋም። ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችም ከእኛው ጋር ናቸው። ስለዚህ ከዚያ ዓመት የተማርነውን መርሳት አይገባም።

ቤት መቀመጥ የእምነት ማነስ ነውን?

አንዳንድ ሰው «የአላህ ቀደር ከሆነ መቼም አይቀርም» በማለት ጥንቃቄን ይንቃል። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሽሽት እንዳይወጣ ያስተማሩት ትምህርት በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ ሰሐቦችን አማክረውም ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ መመለሱም ራሱ የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። ከዚህ የምንረዳው መጠንቀቅ ተወኩልን የማይቃረን መሆኑን ነው።

ለታማሚውም መጽናኛ አለ። ሰው ሲታመም ወይም መንገደኛ ሲሆን ጤነኛ ወይም አገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ምንዳ እንደሚጻፍለት በሐዲስ ተነግሯል። ዒድ ሜዳ ባለመውጣቱ የሚያዝን ታማሚ ካለ ይህንን አስታውሱት።

በመጀመሪያ በሽታውን መለየት

ሁሉም ሕመም በር አያዘጋም። በቆላ ትኩሳት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ያለው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ያድርግ። የሚከተሉትን ልዩነቶች ማወቅ ከከንቱ ፍርሃትም ከቸልተኝነትም ያድናል።

1. ወባ፦ በትንኝ እንጂ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ጠያቂ መምጣት ይችላል፤ ታማሚው ግን አጎበር ውስጥ ይተኛ። ኮአርተም የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢወስደው ሰውነቱ በደንብ ይቀበለዋል። ቢሻለውም ሦስቱን ቀን ይጨርስ።

2. ኮሮናና መሰል የጉንፋን በሽታዎች፦ በትንፋሽ ይተላለፋሉ። በ2012 ዓ.ም መለያው 14 ቀን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ኮሮና የያዘው ሰው ምልክቱ ከጀመረ አንስቶ 10 ቀን፣ ምልክት ከሌለው ደግሞ 5 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ይመከራል።

3. ኩፍኝ፦ ከሁሉም በላይ ተላላፊ ነው። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ለ4 ቀናት ልጁን ከሌሎች ልጆች መለየት ያስፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል።

4. ኮሌራ፦ በ2015 ዓ.ም ክረምት በቋራ ወረዳ ተከስቶ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። ይህ በቤት የሚታከም አይደለም። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ የጀመረው ሰው ዒድም ቢሆን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ በመንገድም ኦ.አር.ኤስ ይጠጣ።

5. ሁለት ሳምንት የዘለቀ ትኩሳት ወይም ሳል፦ ካላ አዛር ወይም ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። በመተማና በአካባቢው በእርሻ ሥራ የቆየ ሰው ይህንን ችላ አይበል።

አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ

ገለጉ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት የሚኖር ቤተሰብ እናስብ። አባት ከመተማ ዮሐንስ ተመልሶ ዒድ አል-አድሐ አራት ቀን ሲቀረው ትኩሳትና ሳል ጀመረው። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ፤ ኮሮና መሆኑ ተነገረው። ቤት ውስጥ እናት፣ ሦስት ልጆችና የስኳር ሕመም ያለባቸው አያት አሉ። እዚህ ቤት ትልቁ ስጋት ያለው በአባት ላይ ብቻ አይደለም። ዕድሜ የገፋና ስኳር ያለበት ሰው ኮሮና ቢይዘው የመጽናቱና የመሞቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ሁሉ «አያትን እንዴት እንጠብቅ?» ከሚል ጥያቄ ይነሣል።

አባት አንደኛውን ክፍል ይያዝ፤ መስኮቱ ይከፈት። ክፍል ከሌለ አልጋው በመስኮት በኩል ሆኖ ከሌሎች ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። በቆላ ሙቀት ደጅ መተኛት የተለመደ ስለሆነ ዝናብ ከሌለ በረንዳ ወይም ዳስ ሥር በአጎበር ቢተኛ አየሩም ይጠቅመዋል። አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያውም ጤነኛ አዋቂ እንጂ አያት አይሁኑ። ሁለቱም ሲገናኙ ማስክ ያድርጉ። ሳህንና ብርጭቆው በሳሙና ይታጠብ፤ እጅም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ።

ዒዱ እንዴት ይዋል?

ሶላት፦ ታማሚውና አስታማሚዋ ወደ ዒድ ሜዳ አይወጡም። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዒድ ሶላት ባመለጣቸው ጊዜ ቤተሰባቸውን ሰብስበው መስገዳቸውን ቡኻሪ ጠቅሰዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ረከዓ፣ በመጀመሪያው ሰባት በሁለተኛው አምስት ተክቢራ ተደርጎ በቤት ይሰገዳል። በሐነፊይ ዘንድ አስተያየቱ ስለሚለይ የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። ታማሚው በክፍሉ ሆኖ ይሰግዳል፤ ካልቻለም ተቀምጦ። ተክቢራው ግን ከዐረፋ ቀን ፈጅር እስከ ዙልሒጃ 13 ዐስር ድረስ ቤቱን ይሙላው። ልጆች ከዚህ የሚያገኙት ደስታ ቀላል አይደለም።

ዑዱሒያ፦ አባት ራሱ ባያርድ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ሊወክል ይችላል። በጉ ወደ ወኪሉ ግቢ ተወስዶ ይታረድ፤ የድኾችና የዘመድ ድርሻም ከዚያው ይከፋፈል። ጊዜውም ሰፊ ነው፤ በሻፊዒይ እስከ ዙልሒጃ 13፣ በሐነፊይ እስከ 12 ድረስ ማረድ ይቻላል። ኮሮና በበሰለ ምግብ እንደሚተላለፍ የተረጋገጠ ነገር የለም። ስለዚህ ጎረቤት ሥጋ ቢልክ በር ላይ ተቀብሎ እጅን ታጥቦ ማብሰል ነው። በዒድ አል-ፊጥር ጊዜ ከሆነም ዘካተል ፊጥርን ከሶላት በፊት በወኪል ማድረስ ይቻላል።

እንግዳ፦ ይሉኝታ የሚፈትነን እዚህ ላይ ነው። ከዒዱ ቀደም ብሎ በስልክ መናገር ይሻላል። «አጎቴ፣ እርስዎን ስለምንሳሳልዎት ነው፤ ሲሻለን እኛው መጥተን እንዘይርዎታለን» ብሎ በአክብሮት የተነገራቸው ትልቅ ሰው አይቀየሙም። በሩ ላይ ደርሰው ሲመለሱ ግን ይከፋቸዋል። ጎረቤቶችም በበኩላችን ያንን ቤት አናሳቀው፤ ውሃ ቀድቶ፣ ገበያ ወጥቶ በር ላይ ማድረስም የታማሚ ጥየቃ ነው።

ልጆች፦ አዲሱን ልብስ ይልበሱ፤ ሒናውም ይደረግላቸው። ዒዲያቸውን አባት በመስኮት ቆሞ ስማቸውን እየጠራ በእናት እጅ ይስጣቸው። አባታቸው ለምን እንደተለየ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው አባታችን ሊሞት ነው ብለው ይጨነቃሉ።

ቡናና ዕጣን፦ ቡናው ይፈላ፤ ዕጣኑና ጭሱ ግን ይቅር። ሳንባው ለታመመ ሰው የዕጣንም የከሰልም ጭስ ጉዳት ነው። ቡናው ደጅ ቢፈላ አያትም ንጹህ አየር ያገኛሉ።

የታማሚው ማዕድ

ኮሮና የያዘው ሰው ጣዕምና ሽታ ሊጠፋበት ይችላል። ምግቡ «አፈር አፈር አለኝ» ሲል በርበሬና ጨው መጨመር መፍትሔ አይደለም። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይቅረብለት። የበግ አጥንት ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ የማሽላ ገንፎ፣ ወተት፣ ሙዝና ማንጎ ተስማሚ ናቸው። በቆላ ሙቀት ላይ ትኩሳት ሲጨመር ውሃ በብዛት ይጠፋል። ስለዚህ ውሃ፣ ሾርባ፣ ስኳር ያልበዛበት ከርከዴ ወይም አብሽ ይጠጣ። ተቅማጥ ካለና ኦ.አር.ኤስ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። መጠኑ አይዛነፍ፤ ጨው ሲበዛ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር ለምግብነት መልካም ናቸው። ጥቁር አዝሙድም በሐዲስ የተወደሰ ነው። ነገር ግን እነዚህን ይዞ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም ሕክምና ማዘግየት ሰውን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለአያት ደግሞ ዒድ ነው ተብሎ ለስላሳ፣ ሐላዋና ብስኩት አይደርደርላቸው። የስኳር መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ከሥጋው ጮማ የሌለበትን፣ ከአትክልት ጋር ይመገቡ።

ስለ ሥጋው አያያዝም አንድ ቃል። በሙቀት አገር ጥሬ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ አይዋል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ዒዱ በክረምት ከዋለ ቋንጣ በቶሎ ስለማይደርቅ ይበላሻል፤ ወዲያው ማብሰል ወይም ማከፋፈል ይሻላል። ታማሚ ላለበት ቤት ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ አይቅረብ።

ዒድም ቢሆን የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ትንፋሽ አጥሮት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ደረቱን የሚጫነው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚቃዥ ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት የሚቸገር፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ሽንቱ የቀነሰ ታማሚ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በጉ ይታረድና እንሄዳለን አይባልም።

በቤተሰብ ለመወያየት

1. ከቤታችን በበሽታ ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው? እርሱን ለመጠበቅ ምን እናደርጋለን?
2. ታማሚ ቢኖር የትኛው ክፍል ይለቀቅለታል? አስታማሚውስ ማን ይሆናል?
3. ለዑዱሒያና ለዘካ የምንወክለው ሰው ማን ነው?
4. ከጎረቤቶቻችን አሁን ቤቱ የተዘጋበት አለ? ምን እናድርስለት?

እነዚህን ጥያቄዎች ቤተሰቡ ጤና ሳለ ቢመልሳቸው በጭንቅ ቀን አይደናገርም። ዘመድ የሚጠየቅበት ሌላ ቀን ይመጣል፤ የተሰበረ ይሉኝታም በአንድ ቡና ይጠገናል። የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። አላህ (ሱ.ወ) ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ ዒዳችንንም የጤናና የሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።