ፈረስና ፈረሰኛ፦ የጠረጴዛ ጨዋታ የውጊያ ደንብ አተረጓጐም



ቅዳሜ ማታ በአወቱ መንደራ እየተሰበሰብን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ የምንጫወት ተማሪዎች መሆናችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ባለታሪክ ፈጥሮ በእርሱ አንደበት ይናገራል፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል፤ ከመካከላችንም አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል።

በቅርቡ የአንድ ወዳጃችን ፈረሰኛ በውጊያ ሞተ። ምክንያቱም ፈረሱን በጋላቢው ተራ ሲያስሮጥ የቆየው ዳኛችን፣ በጭንቁ ሰዓት «ፈረሱ የራሱን ተራ ይጠብቅ» ብሎ በመፍረዱ ነው። ሌሎቻችንም ዝም አልን። ወዳጃችን እርሳሱን አስቀምጦ ወጣ፤ ሁለት ቅዳሜም ቀረ። ስለዚህ ደንቡን እንደ ትምህርት ቁጭ ብለን ማጥናት ተገባን።

የጥያቄው ሥር ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚል ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ አንድ ናቸው፤ በገበታው ላይ የሚዘለው «ፈረስ» ይባላል እንጂ ጋላቢው ለብቻው አይቆጠርም። በስም ልማዳችንም እንዲሁ ይቀራረባሉ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የጨዋታው መጽሐፍ ግን ሁለት ናቸው ይላል፤ ፈረሱ የራሱ ጉልበት አለው፣ ጠላትም ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሊመታ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም የሚደነግጋቸው ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ፈረስ ላይ መውጣትም ሆነ መውረድ የእርምጃን ግማሽ ይፈጃል። በአንድ ተራ 30 ጫማ የሚሄድ ሰው 15ቱን በመውጣት ይጨርሳል ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ጋላቢው ሁለት ምርጫ አለው። የተገራውን ፈረስ ልጓም ቢይዝ የፈረሱ ተራ ከእርሱ ተራ ጋር ይገጥማል፤ ፈረሱም ከመሄድ በቀር ማድረግ የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አብዝቶ መሮጥ፣ ሳይመታ ከጠላት መለየት፣ ምትን መከላከል። ልጓሙን ቢለቅለት ግን ፈረሱ የራሱን ተራ ይዞ እንደ ፈቃዱ ይዋጋል ወይም ይሸሻል። እንደ ዘንዶ ያለ አስተዋይ ፍጡር ግን ሁልጊዜ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል።

ሦስተኛ፤ ፈረሱ ተመትቶ ቢወድቅ ጋላቢው ፈጥኖ ዘሎ በእግሩ ሊቆም ይችላል፤ ይህን ካላደረገ አብሮ ይወድቃል።

ከዚህ በኋላ ያከራከረን ጋላቢው በግልቢያ መካከል ሊመታ ይችላልን የሚለው ነው። ልጓም የተያዘ ፈረስ በጋላቢው ተራ ይሄዳል ከተባለ፣ ይችላል ብለን ተረጐምነው። ጉግስ ያየ ሰው ይህን አይክድም፤ አሳዳጁ እየጋለበ ዘንጉን ይወረውራል፣ ተሳዳጁም ሳይቆም በጋሻው ይመክታል። ይህ ትርጓሜ ለእኛ ፈረሰኞች የሚጠቅመውን ያህል ለጠላት ፈረሰኞችም እንደሚሠራ ተስማምተናል።

እንግዲህ ወደ ወዳጃችን ጉዳይ እንመለስ። ልጓም የመያዝና የመልቀቅ ምርጫ የተሰጠው ለጋላቢው እንጂ ለዳኛው አይደለም። ወዳጃችን ደግሞ ልጓሙን አልለቀቀም ነበር። ስለዚህ ፍርዱ ስሕተት ነበር፤ ዝም ያልነውም ሁላችን ከስሕተቱ ድርሻ አለን።

ለወደፊቱ ማንም ፈረሰኛ በተራው መጀመሪያ «ይዣለሁ» ወይም «ለቅቄያለሁ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ዳኛውም ዳይስ ከመጣሉ በፊት ይጽፈዋል። ያ ውጊያም ከተበላሸው ተራ ጀምሮ እንደገና ይደረጋል። ይህን ሄደን ለወዳጃችን ነግረነዋል፤ በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎናል።

ደንቡን ከዚህ በተሻለ የሚተረጉም ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።