የሥዕል መጽሐፍ ለክፍሉ ልጅ ሁሉ

የሥዕል መጽሐፍ ማለት ታሪኩን ፊደልና ሥዕል ተጋግዘው የሚናገሩበት መጽሐፍ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ ይኖራል፤ የቀረውን ቦታ ሥዕል ይይዘዋል። ልጅ "ላም" የሚለውን ቃል ሲያይ ከአጠገቡ ላሟን ያያል። ፊደሉና ነገሩ በልቡ ይያያዛሉ።

ይህ አሠራር ዛሬ የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን እያዩ ብዙ ታሪክ ያውቁ ነበር። በአውሮፓም ኮሜንየስ የሚባል መምህር በእነሱ አቆጣጠር በ1658 ዓ.ም. ለልጆች ማስተማሪያ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አሳትሟል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ መጽሐፉ አንድ፣ ልጆቹ ግን ብዙ መሆናቸው ነው። እስቲ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ 50 ልጆች የሚማሩበት አንድ የሁለተኛ ክፍል እናስብ። መምህርቷ የያዘችው መጽሐፍ አንድ ነው። በገጹ ላይ "እንስራው ተሰበረ" የሚል ጽሑፍ አለ። በሥዕሉ ላይ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ፍየል እየሮጠች ትሸሻለች። መምህርቷ "እንስራውን ማን ሰበረው?" ብላ ትጠይቃለች። ፊት የተቀመጡት "ፍየሏ!" ይላሉ። ኋላ የተቀመጠው ልጅ ግን ሥዕሉ ስለማይታየው "ልጅቷ" ይላል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ፍየሏን አላያትም፤ ጽሑፉም ስለ ፍየሏ አይናገርም።

እንዲህ ያለ ልጅ ቀስ በቀስ ዝም ይላል። ሌሎቹ ሲሉ እንደ ገደል ማሚቶ ተከትሎ ይላል እንጂ አያነብም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ ክልሎች የንባብ ፈተና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሲሦ ምን ያህል እንደሆነ ለገበሬ አይነገርም። ከአዝመራው ሲሦው ቢጠፋ ቤቱ ምን እንደሚሆን ያውቀዋልና።

መሣሪያ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ፕሮጀክተር የሚባለው መሣሪያ በብርሃን አማካይነት ትንሹን ሥዕል በግድግዳ ላይ አግዝፎ ያሳያል። ገጹ በስልክ ፎቶ ይነሣና በፕሮጀክተር ወይም በቴሌቪዥን ይታያል። ያን ጊዜ ፍየሏ ለ50ዎቹም ልጆች እኩል ትታያለች።

በአገራችን ሥዕልንና ድምፅን ለልጆች ትምህርት ያዋሉ ሰዎች አሉ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅታለች። ፀሐይ የምትባለው በአሻንጉሊት የተሠራች ቀጭኔ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀርባ ልጆችን በአማርኛ አስተምራለች። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ቆይቶም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ ለልጆች መጽሐፍ እንዲዳረስ አድርገዋል። መጽሐፍን ከልጅ ዓይን ካቀረበ ጋሪም መሣሪያ ነው።

ነገር ግን ማረሻ ብቻውን አያርስም። እርፉን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች "ፕላዝማ" የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ብዙ ተማሪዎች "ይፈጥንብናል" ብለው ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። የጠፋበት ልጅ እጁን ቢያወጣ አያየውም። ሥዕልን ማግዘፍ የመሣሪያ ሥራ ነው፤ ልጁን መጠየቅና መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ በመሣሪያ የሥዕል መጽሐፍ ሲነበብ የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ከማንበብ በፊት ሥዕሉን ብቻ ማሳየት። "ምን ይታያችኋል? ለምን ታለቅሳለች?" ብሎ መጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ቃሉን በዘንግ እየነኩ ማንበብ። ልጆቹ ንባብ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ያያሉ።

ሦስተኛ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ከማለፍ በፊት ማቆም። "ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" ብሎ ከኋላ ወንበር ጭምር መልስ መጠበቅ።

አራተኛ፣ አንድ ልጅ ታሪኩን በራሱ አባባል ሲናገር በስልክ ቀድቶ ማሰማት። ልጁ የራሱን ድምፅ ሲሰማ የት እንደተደናቀፈ ራሱ ያውቀዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ወይም ጭራሹን በሌለበት ገጠርስ? ሥዕሉን በነጭ አቡጄዲ ላይ በከሰል አግዝፎ መሣል ይቻላል። ጨርቁ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሥራው ሲያልቅ ታጥፎ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። ይህን ለመሥራት መምህሩም፣ ወላጁም፣ ትልልቆቹ ተማሪዎችም መተባበር ይችላሉ።

በመጨረሻ ለወላጆች የምንለው አለ። ማንበብ ከጀመርን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንም ብላችሁ ከልጃችሁ መጽሐፍ አትሽሹ። ማታ ከሥራ በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና መጽሐፉን ግለጡ። የምታውቁትን ቃል እናንተ አንብቡ፤ ያቃታችሁን እሱ ያንብብ። ሁለታችሁም ካቃታችሁ ሥዕሉን ተመልከቱና ተነጋገሩበት። ማንበብ የማትችል እናትም "እንስራውን ማን ሰበረው?" ብላ መጠየቅ ትችላለች። በክፍሉ ውስጥ ኋላ የሚቀመጥ ልጅ በቤቱ ግን ፊት ይቀመጣል።

ጥያቄዎች

1. ኋላ የተቀመጠው ልጅ "ልጅቷ ሰበረችው" ያለው ለምንድን ነው?
2. መሣሪያ የሚሠራው ሥራ የቱ ነው? ሰው የሚሠራውስ?
3. መብራት በሌለበት ሥዕልን ለሁሉም ልጅ ለማሳየት ምን ይደረጋል?
4. በቤታችሁ ካለ መጽሐፍ አንድ ሥዕል መርጣችሁ ስለ ሥዕሉ ልጃችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።