ብስክሌታችሁ ለክፉ ቀን ዝግጁ ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብስክሌት ነው። ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ የጤና ነው።

ባሕር ዳር እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጅ ሁሉ ቆሟል። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ከዓባይ ማዶ የምትኖረው እናቴ ደወለች። አስም አለባት፤ ኢንሄለሯ አልቋል፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ቤት የነበረኝን ትርፍ ኪሴ ከትቼ በብስክሌት ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። መንፊያ የለኝ፣ መብራት የለኝ! በጨለማ እየገፋሁ 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስደርስ ጎረቤት ከሌላ የአስም ታማሚ ተውሶ አምጥቶላት፣ እሷም ቀለል ብሏት ነበር። ጎረቤት ባይኖርስ?

ያን ቀን የገባኝ ነገር፦ ብስክሌት መኖሩ ብቻውን ዝግጅት አይደለም። አሁን እኔ የማደርገውን ላካፍላችሁ።

1. በየሳምንቱ ፍተሻ
ጎማውን ተጫኑት፤ ከላላ ንፉት። የሚበቃው የአየር መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። የፊትና የኋላ ፍሬን ሞክሩ፤ ካቴናውን ዘይት ቀቡ። ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ያሳምማል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ የታጠፈ ይሁን።

2. መጠገኛ
በጎማችሁ ልክ የሆነ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ጎማ ማውጫ፣ የእጅ መንፊያ እና ቁልፎች ያዙ። አንድ ጊዜ ቤታችሁ ተለማመዱ። በጨለማ መማር አይቻልም!

3. መብራትና ሄልሜት
ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት። ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ይቀንሳል፤ ቅርብ ነው ብላችሁ አትተዉት።

4. አጫጫን
ከባዱን ዕቃ የኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ መሪው ላይ አታንጠልጥሉ። የተጫነ ብስክሌት ቶሎ አይቆምም፤ ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

5. ውሃና ስንቅ
ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ቀላልና የማይበላሹ ስንቆች ናቸው። ያልታከመ ውሃ አትጠጡ። እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለበት ቦታ፣ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት፤ ዝቅ ባለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። ተቅማጥ ቢይዛችሁና ኦአርኤስ ባይኖር፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

6. የሕክምና ቦርሳ
ጓንት፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ሳሙና እና ኦአርኤስ። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ 10 ደቂቃ ሙሉ እየገለጣችሁ አትዩ። ቡናም ሆነ አፈር አታድርጉበት!

7. የራሳችሁ መድኃኒት
ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። የአስም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ትርፍ ይኑራችሁ። ኢንሱሊን ፀሐይ በሚመታው መጫኛ ላይ አይቀመጥም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ፣ ፔዳል መምታት ራሱ ስኳራችሁን ያወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ድንገተኛ ረሃብ ከተሰማችሁ ወዲያው ቁሙ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሰዱና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻላችሁ ድገሙት።

ማሳሰቢያ፦ ደረቱን የሚያመውን፣ ትንፋሽ ያጠረውን ወይም ራሱን የሳተን ሰው ብስክሌት ላይ አታስቀምጡ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ብስክሌቱ መድኃኒት ለማምጣትና እርዳታ ለመጥራት ነው።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ቅዳሜ ዕቃውን ጭናችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱ። ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ፣ ቤታችሁ የአስም ታማሚ ካለ ኢንሄለሩ ስንት እንደቀረው እዩ። እኔ የእናቴን አላየሁም ነበር።

ለሚጠቅማቸው ሼር አድርጉ። ጤናችሁ ይብዛ!