ራውተር ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የተከራየኸው ክፍል ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ አስቸግሮህ አዲስ ራውተር ልግዛ ብለኸኛል። ገንዘቡን ለጊዜው ኪስህ አቆየው። ጥፋቱ ያለው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፤ ከውጭ በሚመጣው መስመር፣ በራውተሩ ሳጥን ወይም በዋይፋዩ። መስመሩ ታሞ ራውተር መቀየር ምንጩ ሲደርቅ እንስራ እንደ መለወጥ ነው።

1. በኬብል ፈትሽ። ላፕቶፕ ተውሰህም ቢሆን ዋይፋዩን አጥፍተህ በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው። በኬብል ፈጥኖ በዋይፋይ ከተንቀራፈፈ መስመሩ ጤነኛ ነው። በኬብልም ካዘገመ ማለዳና ማታ ለክተህ አወዳድር፤ ማታ ብቻ የሚደክም ከሆነ ተጠቃሚ በዝቶበታል፣ ራውተር አያድነውም። ስትለካ ግን ቢትና ባይት እንዳይምታቱብህ። ጥቅልህ 10 ሜጋ ቢት ከሆነ ፋይል ሲወርድ የምታየው ግፋ ቢል በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው፤ ማንም አልሰረቀህም።

2. መብራቶቹን እይ። በፋይበር ሳጥን ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ከቀላ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ሳጥኑ ዘንድ አልደረሰም። ቀጭኑ ገመድ ታጥፎ፣ የአልጋ እግር ተጭኖት ወይም ውጭ ተበጥሶ ይሆናል። መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውለህ «ኔትወርክ የለም» ከምትል «ኤልኦኤሱ ቀይ ነው» በል፤ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ስልኩን አንስተህ አዳምጥ። የሚንሿሿ ድምፅ ካለ አንዱ መጋጠሚያ ዝጓል ወይም ውሃ ገብቶበታል።

3. ቦታውን ቀይር። አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ በበጋ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን ያህል እንደሚሞቅ አንተው ታውቀዋለህ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሚደርስ ሙቀት ነው። ከቁም ሳጥን አናት አውርደው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጣው፣ ዳንቴል አታልብሰው። ቆርቆሮና ብሎኬት ሞገድ ያግዳሉ፤ የዶርዜ የቀርከሃ ቤት በዚህ ረገድ ከአንተ ክፍል ይሻላል። ከግድግዳ ማዶ ስትሆን 2.4 ጊጋኸርዙን፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ስትሆን 5 ጊጋኸርዙን ተጠቀም። ግቢው ተከራይ የበዛበት ከሆነ በ2.4ቱ ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ባልተጨናነቀው አድርገው።

4. መብራቱን ጠርጥር። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ አዳፕተሩን ይጎዳዋል፤ የተዳከመ አዳፕተር ደግሞ ራውተሩን በየሰዓቱ እያጠፋ ያስነሳዋል፣ ሰውም ኔትወርኩን ይረግማል። ስለዚህ ራውተር ከመቀየርህ በፊት አዳፕተር ቀይረህ ሞክር። ቮልቱ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ የሚሆን ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ብትገዛ ሰፈሩ ሲጨልምም መስመሩ እስካለ ትሠራለህ። ደጋ ጨንቻ ያሉት ዘመዶችህ መብረቅ ሲያጉረመርም ሶኬቱንም የስልክ ሽቦውንም ይንቀሉ፤ መዳብ መብረቁን ቤት ድረስ ያመጣል።

5. ፓስወርዱን ቀይር። የግቢው ልጅ ሁሉ ፊልም እያወረደበት መስመሩን ምን አድርግ ትለዋለህ?

6. መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ መስመርህን እወቅ። ገበያ ላይ ያለው ተራ ራውተር የፋይበሩን ገመድ አይቀበልም፤ ከኩባንያው ሳጥን በኬብል ተቀጥሎ ነው የሚሠራው። ለመዳብ መስመር የስልክ ሽቦ መሰኪያ ያለው ሞደም ያስፈልግሃል፤ ይህን ሳያዩ ገዝተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሲም የሚቀበል ከፈለግህ ለአንድ ኩባንያ ያልተቆለፈ ይሁን። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል፤ በአንተ ክፍል የትኛው እንደሚይዝ ግን በስልክህ ፈትሽ። የአንቴና ብዛት አያታልልህ። ሁለቱንም ሞገድ የሚይዝ፣ አምራቹ ሶፍትዌሩን የሚያድስለት ይሁን፤ ጥቅልህ ከ100 ሜጋ ቢት ካልበለጠ ለጊጋ ቢት ወደብ ብለህ ተጨማሪ አትክፈል። ሱቁ ውስጥ አስሰክተህ ሳታይ፣ ደረሰኝና ዋስትና ሳትይዝ ደግሞ አትውጣ።