ልጁ ፊቱን ያዞረበት ወላጅ ልቡን እንዴት ይጠብቅ

ያዕቆብ በደም የተነከረውን የዮሴፍን ቀሚስ ባየ ጊዜ ልጁ እንደ ሞተ አምኖ ልብሱን ቀደደ፤ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡም መጽናናትን እንቢ አለ። ዮሴፍ ግን በሕይወት ነበረ። ዓመቶቹን የሚቈጥር አንባቢ፥ ዮሴፍ በተሸጠ ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ፥ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ የ30 ዓመት ሰው እንደ ነበረ፥ ከዚያም ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለቱ የራብ ዓመታት እንዳለፉ ያገኛል። እንግዲህ ሽማግሌው በሕይወት ስላለ ልጅ 22 ዓመት ያህል አዘነ ማለት ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ኀዘን ይህን ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይለያል። ያዕቆብ ልጁ የሞተ መስሎት ነበር። እኛ የምንናገርለት ወላጅ ግን ልጁ በሕይወት እንዳለ፥ ምናልባትም በሚቀጥለው ሰፈር ትምህርት ቤት እንደሚማር ያውቃል፤ ዳሩ ግን ልጁ በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ይለያያሉ፤ ልጆቹም ከአንደኛው ጋር ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሌላው ወላጅ ስም በክፉ እንጂ በደግ አይነሣም። «ጥሎአችሁ ሄደ» ይባላል፤ «ብትወዳችሁ ኖሮ ትመጣ ነበር» ይባላል። የተላከው ልብስ ለልጁ ሳይደርስ ይቀራል፤ ስልክ ሲደወል «ተኝቶአል» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው አባት ወይም እናት ብቻ አይደለም፤ አያትም አክስትም ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም የየራሱን ይጨምርበታል። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ደመወዝዋን የምትልክ እናት እንኳ፥ ገንዘቡ ከማን እንደ መጣ ለልጅዋ ሳይነገረው፥ የተወችው መስሎት የሚያድግበት ጊዜ አለ።

ልጅ የሚወዳቸው ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመካከላቸው መቆም እጅግ ይከብደዋል። ጁዲት ዎለርስታይንና ጆአን ኬሊ የተባሉ ሁለት ሴቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በካሊፎርንያ የተፋቱ 60 ቤተ ሰቦችንና 131 ልጆቻቸውን ተከታትለው ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ባወጡትም መጽሐፍ አንዳንዶቹ ልጆች ከአንደኛው ወላጅ ጋር አብረው በሌላው ላይ እንደ ተነሡ ጽፈዋል። አንደኛውን ወገን የያዘ ልጅ ከመካከል ሆኖ መጨነቁ ይቀርለታል፤ ማታ የሚያበላውንና የሚያስተኛውንም ሰው አያስቈጣም። ወላጅ ይህን ማወቁ ቍስሉን አያድንለትም፤ ሆኖም የልጁን ክፉ ቃል ሁሉ ከልጁ ልብ እንደ ወጣ አድርጎ እንዳይቀበለው ይረዳዋል።

ሪቻርድ ጋርድነር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በዚያው አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ይህን ነገር የበሽታ ስም ሰጥቶት ነበር። ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አላስገባውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ዓ.ም. ቃሉን ከመዝገቡ ማውጫ ሰረዘው። ክርክሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሚስቱንና ልጆቹን ይመታ የነበረ ሰው ልጁ በፈራው ጊዜ «እናቱ ናት ያስጠላችኝ» እያለ ይህን ስም እንደ ጋሻ ሊይዘው ይችላልና። ስለዚህ ኀዘንተኛው ወላጅ አስቀድሞ በጓዳው ሆኖ ራሱን ይጠይቅ፤ ልጁ እኔን የሚሸሽበት ከእጄ ወይም ከአፌ የወጣ ነገር አለን? መልሱ «አለ» ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ በደልን ሳያድበሰብሱ መናገር፥ የተመታውንም ልጅ በግድ አለማቅረብ ያስፈልጋል። መልሱ «የለም» ከሆነ፥ ወይም በደሉ ትንሽ ሆኖ ጥላቻው ከእርሱ እጅግ የበዛ ከሆነ፥ የሚከተለው ቃል ለእርሱ ነው።

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፥ ዕድር ይመጣል፥ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይገባል፥ ኀዘንተኛውም ብቻውን አያድርም። ልጅዋ በሕይወት እያለ ለጠፋባት እናት ግን ማን ድንኳን ይተክልላታል? «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላት የለም፤ እንዲያውም «ምን ብታደርገው ነው?» የሚሉ ይኖራሉ። እርስዋም ይህን ስለምታውቅ ኀዘንዋን ትሸሽጋለች። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር፥ ሰው ሳይሞት የሚታጣበትን እንዲህ ያለውን እጦት ለብዙ ዓመታት መርምራ በ1999 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፋለች። እንደ እርስዋ አስተሳሰብ ይህ ኀዘን ልብን የሚያደክመው መጨረሻ ስለሌለው ነው፤ ኀዘንተኛው እርሙን አውጥቶ እንዳይነሣ ልጁ በሕይወት አለ፥ እንዳይደሰት ደግሞ ልጁ በአጠገቡ የለም። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቅሰሽ እንባሽ ያልደረቀ እኅት ሆይ፥ ይህ የእምነትሽ ማነስ ወይም የአእምሮሽ ድካም አይደለም። ኀዘኑ ራሱ ጠባዩ እንዲህ ነው። «ሄዶአል፤ ደግሞም አለ» ብሎ ሁለቱን ባንድነት መናገር ይፈቀዳል፤ አንዱን መርጦ ልብን ማስገደድ አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ሌሊቱ ነው። ቀን ሥራ አለ፥ ሰው አለ፤ ሌሊት ግን ልብ እንደ ፍርድ ቤት ይሆናል። ወላጁ በጨለማ ተጋድሞ የቀድሞ ባሉን ወይም ሚስቱን ይከስሳል፥ ምስክር ይጠራል፥ ራሱን ይከላከላል፥ ይፈርዳል፤ ጎሕ ሲቀድም ፍርዱ ፈርሶ ሙግቱ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እንዲህ ያለ ሙግት መፍትሔ የመፈለግ ይመስላል፤ ነገር ግን ደክሞት ካልሆነ በቀር አንዳች ነገር ይዞ የተነሣ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ለዚህ አሳብ በቀን የተወሰነ ሰዓት ይሰጠው፤ ለምሳሌ ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት። ሌሊት ሲመጣ «ሰዓትህ ነገ ነው» ተብሎ ይሰናበት። አልሄድም ቢል ከአልጋ ተነሥቶ ጥቂት ቆይቶ፥ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ይሻላል። ጄምስ ፔንቤከር የተባለ ምሁር በ1986 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች አራት ቀን በተከታታይ በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ደረሰባቸው መከራ ጻፉ፤ በሚጽፉበት ጊዜ ኀዘናቸው ቢበረታም፥ በኋላ ስለ መከራቸው ጭምር ስለ ስሜታቸውም የጻፉት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ሐኪም መሄዳቸው ቀነሰ። ይህ ጽሕፈት ለልጁም ለዳኛም የሚላክ አይደለም፤ ተቀዶ ቢቃጠልም ጥቅሙን ፈጽሞአል። መጻፍ የማይችል ሰው ለታመነ ወዳጅ ይንገር፤ ወዳጁም አንድ ወይም ሁለት ይሁን። በየማኅበሩ የተነገረ ኀዘን ተጣሞ ወደ ልጁ ጆሮ ይመለሳልና።

ሰውነትንም መዘንጋት አይገባም። ያልበላ ሰው አሳቡ ሁሉ ይጨልምበታል። በእግር መሄድ፥ በተወሰነ ሰዓት መተኛት፥ ሥራን አለመተው ትንሽ ነገር አይደለም። አረቄና ጠላ ለአንድ ሌሊት ያስረሳሉ፤ በማግስቱ ግን ኀዘኑን ከነወለዱ ይመልሱታል፤ ደግሞም ለሚከስሰው ወገን ምስክር ይሆናሉ። በጐረቤት ልጆች በኩል «ዛሬ ምን ለበሰ? ስለ እኔ ምን አለ?» እያሉ መሰለልም ሌላ ስካር ነው። ዛሬ ደግሞ በስልክ የቀድሞ ባልን ወይም ሚስትን ፎቶግራፍ ሲገልጡ ማደር ተጨምሮአል፤ ይህን ልማድ ያቆመ ሰው እንቅልፉ ሲመለስለት ያየዋል።

ወደ ያዕቆብ ታሪክ ጥቂት እንመለስ፤ ብዙ ሰባኪዎች ፈጥነው የሚያልፉት አንድ ነገር አለና። ዮሴፍን ካጣ በኋላ ሽማግሌው ብንያምን ከዓይኑ ሊያርቀው አልፈቀደም፤ ቤተ ሰቡ እየተራበ፥ ስምዖንም በግብፅ ታስሮ ሳለ ብንያምን ይዞ ቀረ። የጠፋው ልጅ ኀዘን ለቀረው ልጅ ሰንሰለት ሆነበት። በዛሬም ቤት እንዲሁ ይሆናል። ከእናትዋ ጋር የቀረች ትንሽ ልጅ የወንድምዋን ስፍራ ልትሞላ፥ የእናትዋን እንባ ልታብስ፥ ከጎንዋም እንዳትጠፋ ትገደዳለች፤ ወይም ደግሞ እናትዋ ስለ ጠፋው ስታስብ እርስዋን ማየት ትረሳለች። ልጅ የወላጁን ኀዘን እንዲሸከም ማድረግ አይገባም፤ ይህ ሸክም ለወዳጅ፥ ለሽማግሌ ወይም ለሐኪም ይነገር።

ስለ ሐኪም ካነሣን በግልጥ እንናገር። ኀዘኑ በአብዛኛው ቀን በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቈይ፥ ከዚህም ጋር የወትሮው ደስታ ቢጠፋ፥ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ቢሉ፥ ሥራን መሥራት ቢያቅት፥ ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «አማኑኤል» የሚለውን ስም ሲሰማ ይደነግጣል፤ በአዲስ አበባ ያለው ይህ የአእምሮ ሆስፒታል ግን የታመሙ የሚታከሙበት ቤት ነው፤ ዛሬም ይህ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎች ይገኛል። እግሩ ለተሰበረ ሰው እየጸለይን ወደ ሐኪም እንደምንወስደው ሁሉ ልቡ ለተሰበረም እንዲሁ ይደረግለት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል አሳብ የመጣበት ወላጅ ግን ሁለት ሳምንትን አይቍጠር፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይንገር፥ ብቻውንም አይደር። እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ወንድም አይገሥጽ፤ አብሮት ይቀመጥ፥ ወደ ሐኪምም ይውሰደው።

ሕግን በተመለከተ በአጭሩ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ ሲፈርስ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ብቻ ሳይሆን ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚጠያየቁበትም መብት እንዲወስን ያዝዛል። ክልሎች የራሳቸው የቤተ ሰብ ሕግ ስላላቸው በየስፍራው መጠየቅ ይገባል። በሽማግሌ መጨረስ የሚቻል እንደ ሆነ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ስለ ንብረቱ ሦስት ቀን ተከራክረው ስለ ልጁ በአንድ ቃል የሚያልፉ ከሆነ ሥራቸው ገና አልተፈጸመም።

እስከዚያው ድረስ በሩ ክፍት ሆኖ ይቈይ። ኤሚ ቤከር የተባለች ተመራማሪ በልጅነታቸው ከአንድ ወላጅ እንዲርቁ የተደረጉ 40 ሰዎችን ካደጉ በኋላ ጠይቃ በ2007 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትማ ነበር። ብዙዎቹ ያን ጊዜ «እጠላዋለሁ» ቢሉም ወላጁ ተስፋ ቈርጦ እንዲሄድ በልባቸው እንዳልፈለጉ ተናገሩ። ስለዚህ በልደቱ ቀንና በበዓል አጭር ደብዳቤ ይጻፍለት። «ለምን አትመልስልኝም?» አይባልበት፤ የሌላውም ወላጅ ስም በክፉ አይነሣበት፤ «ዛሬ ልደትህ መሆኑን አስታውሻለሁ፥ እወድሃለሁ» ይበቃል። ግልባጩም በቤት ይቀመጥ፤ ደብዳቤው ባይደርስ እንኳ አንድ ቀን የሚያነብበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል። የሚጽፈውም ወላጅ መልስን እየቈጠረ አይጻፍ፤ ጽፎ ከላከ በኋላ የዚያን ቀን ከሚወድዱት ሰዎች ጋር ቢውል ይሻላል።

ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ድንገት በደጅ ቢቆም፥ ወላጅ ያን ጊዜ የዓመታቱን ነገር ሁሉ ሊያፈስበት ይፈተናል። ቢቻል አይሁን። ልጁ የመጣው ሊፈርድ ወይም ይቅርታ ሊጠይቅ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ቤቱ ምን እንደሚመስል ሊያይ ብቻ መጥቶ ይሆናል። ይግባ፥ ይቀመጥ፥ እንጀራ ይቅረብለት፤ ስለ ትምህርቱና ስለ ጓደኞቹ ይጠየቅ፤ «መሄዴ ነው» ሲል እስከ መንገዱ ይሸኝ። ስለ ቀድሞው ነገር እርሱ ራሱ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ እውነቱ ዕድሜው በሚችለው መጠን ሳይራዘም ይነገረው፤ የቀረው ለሌላ ቀን ይቈየው።