የቆመ መኪና ሞተር ለማስጠፋት፦ ለዋልታ ድብ ለሚቆረቆሩ ታዳጊዎች የአሠራር መመሪያ

ታዳጊዎች የዋልታ ድብ አሳዝኗቸው ሲነሱ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስቡት የድቡን ፎቶ ለጥፎ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ገንዘብ አይጠላም፤ ድቡን የቸገረው ግን በረዶ ነው። የዋልታ ድብ ስብ የሞላውን አቆስጣ የሚያድነው በባሕር ላይ በረዶ ቆሞ ነው። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ወደ የብስ ይወጣና በቀን አንድ ኪሎ ያህል እየከሳ ጦሙን ይከርማል። በካናዳ፣ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ ቸርችል በተባለችው ትንሽ ከተማ ዙሪያ የሚታዩት የምዕራብ ሃድሰን ቤይ ድቦች በየብስ የሚያሳልፉት ጊዜ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ከነበረው በሦስት ሳምንት ያህል ረዝሟል። በ2016 ቁጥራቸው 842 ያህል እንደሆነ ተገምቶ ነበር፤ በ2021 ግምቱ ወደ 618 ወረደ።

ያንን በረዶ የሚያቀልጠው ጭስ የሚወጣው ከሚኒያፖሊስም፣ ከቶሮንቶም፣ ከዴንቨርም ነው። ፖላር ቤርስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ታዳጊዎችን ቸርችል ወስዶ ድቦቹን ካሳየ በኋላ ወደየከተማቸው ሲመልሳቸው የሚሰጣቸው የቤት ሥራም በአካባቢያቸው የሚነደውን ነዳጅ መቀነስ ነበር። ለጀማሪ ቡድን እኔ የምመርጠው በትምህርት ቤት በር ላይ ሞተራቸው እየሠራ ቆመው ልጅ የሚጠብቁትን መኪኖች ነው። ወጪ የለውም፣ ለመቁጠር አይከብድም፣ ውጤቱም በወር ውስጥ ይታያል። ችግኝ መትከልም መልካም ነው፤ ሆኖም ዛፉ ካርቦኑን እስኪመጥ እናንተ ልጅ ወልዳችሁ ታደርሳላችሁ።

አንደኛ፦ በር ምረጡ፣ ፈቃድ ያዙ። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ አንድ በር ብቻ ያዙ። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ የሚጠይቅላችሁ አንድ አስተማሪ ይበቃል። (ወላጆች፣ አትቀየሙና ሥራውን አትንጠቋቸው። ሻይና ጓንት ካቀበላችሁ ብዙ ነው።)

ሁለተኛ፦ አፋችሁን ሳትከፍቱ ቁጠሩ። ሥራው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በጃንዋሪ ወር አምስት የትምህርት ቀን፣ ተማሪ ከሚለቀቅበት ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሩ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳችሁ እግረኛ መንገድ ላይ ቁሙ። በደብተር ላይ መኪናው የደረሰበትን ሰዓት፣ ሞተሩ መሥራት አለመሥራቱን፣ የሄደበትን ሰዓትና የውጭውን ሙቀት መዝግቡ። ሞተሩ መሥራቱን ለማወቅ የጭስ ማውጫውን ተመልከቱ፤ በብርድ ቀን ነጭ እንፋሎት ይተናል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን መብራቱ በርቶ ጭስ የለውም፤ እሱን ለይታችሁ ጻፉ። የሰሌዳ ቁጥር አትመዝግቡ፣ ፎቶም አታንሱ፤ ያን ጊዜ ሥራችሁ ክትትል ይመስልና ሰው ይሸሻችኋል።

ሦስተኛ፦ ደቂቃውን ወደ በረዶ ቀይሩ። ቆሞ የሚሠራ የቤት መኪና በሰዓት የሚያነደው ነዳጅ እንደ ሞተሩ ትልቅነት ይለያያል። እናንተ አታጋንኑ፤ 1 ሊትር ያዙ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ዲርክ ኖትስና ጁሊየን ስትሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ እያንዳንዱ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሴፕቴምበር ወር የአርክቲክ ባሕር በረዶ 3 ካሬ ሜትር ያህል ያጠፋል።

ለምሳሌ 40 መኪና ለ10 ደቂቃ ቆሞ ቢያጨስ 400 ደቂቃ ይሆናል። ይህ 7 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ቤንዚን፣ በቀን 15 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። በ180 የትምህርት ቀን ሲባዛ ከ2.7 ቶን በላይ ይሆናል፤ ወደ በረዶ ሲለወጥ 8 ካሬ ሜትር ግድም፣ አንዲት ጠባብ መኝታ ቤት። በሺህ የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚያካልል ድብ ይህ ኢምንት ነው፤ ስለዚህ «ድብ አዳንን» እንዳትሉ። አንድ ነጭ ወረቀት ግን ይዛችሁ ውጡ፤ የተለመደው የማተሚያ ወረቀት ስፋት 9 ሊትር ቤንዚን ከሚያጠፋው በረዶ ጋር ይመጣጠናል። ለሾፌር ከቶን ይልቅ ወረቀቱን ማየት ይቀለዋል።

አራተኛ፦ አነጋግሩ። በመስኮት አታንኳኩ፤ ከፊት በኩል ቀርባችሁ እጅ አንሱና መስኮቱ እስኪወርድ ጠብቁ። አበሻ አባት ከሆኑ በአማርኛ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ነን። ልጅዎ እስኪወጣ ሞተሩን ቢያጠፉልን ብለን ነው።» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ብርዱን አታዪም እንዴ ልጄ?» ነው። አትከራከሩ። «እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ልጆቹ ብቅ ሲሉ ያስነሱት፣ ቤንዚኑም ለእርስዎ ይተርፋል» በሉ። ሞተር ሲነሳ ብዙ ነዳጅ ይበላል የሚል ካለ፣ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ምክር ይኸው ነው፦ ከ10 ሰከንድ በላይ የምትቆሙ ከሆነ ማጥፋቱ ያዋጣል። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ የያዘን ሰው አመስግናችሁ እለፉት።

የከተማችሁንም ደንብ እወቁ። ቶሮንቶ በ60 ደቂቃ ውስጥ ከ1 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆምን ትከለክላለች። ቢሆንም ደንቡን ከመጀመሪያው አትምዘዙት፤ የተቆጣ ሰው ነገ ሌላ ጎዳና ላይ ቆሞ ያጨሳል።

አምስተኛ፦ ደግማችሁ ቁጠሩ። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በኋላ፣ በዚያው በር፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና አምስት ቀን። የሙቀቱን መዝገብ አስተያዩ፤ ሁለተኛው ሳምንት ሞቅ ያለ ከነበረ ቅናሹ ሁሉ የእናንተ አይደለም፣ ይህንኑም ጻፉ። ፌብሩዋሪ 27 ዓለም አቀፍ የዋልታ ድብ ቀን ስለሆነ ውጤቱን ያኔ ብታቀርቡ ሰሚ አታጡም።

ስድስተኛ፦ ወደ ውሳኔ ሰጪው ሂዱ። ሁለቱን ቆጠራዎች በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለርእሰ መምህሩ ስጡና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በበሩ ላይ ቋሚ ምልክት፣ ለወላጆች በሚላከው ደብዳቤ ደግሞ አንድ መስመር። ከዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ያዙ። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ፣ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ የቆዩ አውቶቡሶችን በኤሌክትሪክና በሌሎች ንጹሕ አውቶቡሶች ለመተካት 5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። የእናንተ ወረዳ አመልክቶ እንደነበር በትምህርት ቦርዱ ክፍት ስብሰባ ላይ ጠይቁ። ለአስተያየት ሰጪ የሚፈቀደው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ቁጥሩን አስቀድሙ፣ የድቡን ፎቶ ቤት ተዉት።