የመንገድ ስንቅን አየር አውጥቶ ስለ ማሸግ

መግቢያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖር ገበሬ ካመረተው ገብስ የተወሰነውን ለበሶና ለቆሎ ይለያል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከዚያም አልፎ እስከ መንዝ ድረስ፣ መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ስንቅ ይቋጠርለታል። ስንቁም ባብዛኛው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። እነዚህ ምግቦች ለስንቅ የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ በመሆናቸው ቶሎ አይበላሹም፤ ቀላል በመሆናቸው ሸክም አያበዙም፤ በሶና ቆሎ ደግሞ ያለ እሳት ይበላሉ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ከየቤቱ የተነሣው ስንቁን ቋጥሮ ነበር።

ዛሬ ስንቅ ፈላጊው በዓይነትም በቁጥርም በዝቷል። በመንዝ ጓሳ፣ በወፍ ዋሻ ደንና በአንኮበር ተራሮች በእግር የሚጓዙ አገር ጎብኚዎች የብዙ ቀን ምግባቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶችም በሶና ድርቆሽ ይላካል። በዚሁ ምክንያት አየርን መጥጦ ከረጢትን የሚያሽግ አነስተኛ የቤት መሣሪያ በአንዳንድ ቤቶች መታየት ጀምሯል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ያለ ዕውቀት ከተሠራበት ጤናማ የነበረውን ምግብ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር የሚከተለው ነው። መሣሪያው አየር ያወጣል እንጂ ምግብን አያደርቅም፣ አያበስልም፣ ተሐዋስያንንም አይገድልም። ስለሆነም መታሸግ ያለበት አስቀድሞ በሚገባ የደረቀ ምግብ ብቻ ነው።

1. ስንቅን የሚያበላሹ ነገሮች

ስንቅን የሚያበላሹት ሦስት ዋና ዋና ነገሮች ናቸው።

ሀ) እርጥበት። ሻጋታና ባክቴሪያ ያለ እርጥበት አይራቡም። በሶ ከአየር ላይ እርጥበት ሲስብ ይጓጉላል፣ ቀጥሎም ይሻግታል። ድርቆሽም በክረምት ወራት ተከፍቶ ቢቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለሰልሳል።

ለ) አየር። በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ቅባትን ያበላሻል። ቅቤ የገባበት ጭኮ፣ በዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ ሲቆዩ ሽታቸው የሚለወጠውና የሚመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ) ነቀዝና ሌሎች ነፍሳት። እነዚህም ለመኖር ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል።

አየር አውጥቶ ማሸግ በተለይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ችግር ያቃልላል። የመጀመሪያውን በተመለከተ ግን አዲስ እርጥበት ከውጭ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ በምግቡ ውስጥ የነበረውን አያስወግድም።

2. መሣሪያውና ከረጢቱ

መሣሪያው ክዳን፣ አየር የሚስብ ፓምፕና በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለው። የከረጢቱ አፍ በክዳኑ ሥር ይገባል፤ ፓምፑ አየሩን ይስባል፤ ከዚያም የጋለው ሽቦ የከረጢቱን አፍ አቅልጦ ያጣብቃል።

በመጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። በአገራችን መብራት የሚሠራው በ220 ቮልት ሲሆን ከሰሜን አሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ያለ ኃይል መቀነሻ ቢሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። በመሣሪያው ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት አይገባም።

ከረጢቱም ተራ ፌስታል አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚውለው ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ከናይለንና ከፖሊኢትሊን ተደራርቦ የተሠራ ነው። ፖሊኢትሊኑ እርጥበትን ይከለክላል፣ በሙቀትም ይጣበቃል፤ ናይለኑ ደግሞ ኦክስጅን እንዳያልፍ ያግዳል። ተራ ላስቲክ አየሩ ቢወጣለትም ኦክስጅን ቀስ በቀስ ያስገባል። በተጨማሪም የከረጢቱ አንድ ገጽ ውስጡ ሸካራ ነው፤ አየሩ የሚወጣው በዚህ ሸካራ ገጽ መካከል ስለሆነ ልሙጥ ከረጢት በቤት መሣሪያ ላይ በደንብ አይሠራም።

3. ለመታሸግ የሚስማሙና የማይስማሙ ምግቦች

የሚስማሙት፦ በሶ፣ የገብስ፣ የስንዴና የሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እንዲሁም እስኪሰበር ድረስ የደረቀ ቋንጣ።

የማይስማሙት፦ ወጥ፣ አይብ፣ ጥሬም ሆነ የተጠበሰ ሥጋ፣ እርጥብ እንጀራ፣ ትኩስ ዳቦ፣ አዋዜና እርጥበት ያለው ማንኛውም ነገር። እነዚህን አሽጎ ያለ ማቀዝቀዣ ይዞ መጓዝ ክልክል ነው።

ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ የሚያድገው አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ይገኛል፤ ውሃ በሚፈላበት ሙቀትም አይሞትም። የሚያመነጨው መርዝ እጅግ ብርቱ ሲሆን ብዙ ጊዜ የምግቡን መልክም ሆነ ሽታ አይለውጥም። የተመረዘ ሰው ዐይኑ ብዥ ይልበታል፣ የዐይኑ ቆብ ይወድቃል፣ ለመናገርና ለመዋጥ ይቸገራል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። ሻጋታ የሚከላከልልን አየር ማጣት ለዚህ ባክቴሪያ እንደሚመቸው ማንኛውም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ምግቡ በሚገባ የደረቀ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ሊያድግ አይችልም።

ንጥር ቅቤ ውሃው የወጣለት ቢሆንም በቆላ ሙቀት ቀልጦ ስፌቱን ስለሚያበላሽ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ መያዝ ይሻላል።

4. ሥራው የሚከናወንበት ቅደም ተከተል

1ኛ. ወቅት መምረጥ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ወቅት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ለማድረቅም ለማሸግም ይመቻል። በክረምት መሥራት ግድ ከሆነ ቆሎው ወይም በሶው እንደገና በምጣድ ላይ መመስ አለበት።

2ኛ. ማቀዝቀዝ። ትኩስ ምግብ ከታሸገ እንፋሎቱ በከረጢቱ ውስጥ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ከምጣድ የወጣው በንጹሕ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ይቀዝቅዝ። ሆኖም ሌሊቱን ተገልጦ ማደር የለበትም።

3ኛ. ድርቀቱን መመርመር። ቆሎ በጥርስ ሲነከስ መሰበር እንጂ መላመጥ የለበትም። ድርቆሽ በእጅ ሲታጠፍ ተንኮሻኩሾ ይሰበራል። የቋንጣ ዘንጣፊ ውፍረት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲታጠፍም መሰንጠቅ አለበት። ለበለጠ ማረጋገጫ ከምግቡ ጥቂቱን በደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ከድኖ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የጠርሙሱ ውስጥ ላብ ካወጣ ምግቡ ገና አልደረቀም ማለት ነው።

4ኛ. መመጠን። አንድ ከረጢት የአንድ ጊዜ ምግብ ብቻ ይያዝ። ከረጢቱ አንድ ጊዜ ከተከፈተ የቀረው ምግብ ከተራ ላስቲክ የተሻለ ጥበቃ አያገኝም።

5ኛ. መሙላት። ከረጢቱ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላል። ከአፉ በታች አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የአፉ ዳር ዱቄትና ቅባት እንዳይነካው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ዱቄት የነካው አፍ በሚገባ አይጣበቅም። በሶ፣ ሽሮና በርበሬ በቀጥታ ከተጨመሩ ፓምፑ ዱቄቱን ስቦ ይበላሻል። ስለዚህ አስቀድመው በወረቀት ከረጢት ተጠቅልለው በማሸጊያው ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ቋንጣ ሹል ጫፍ ስላለው ከረጢቱን እንዳይበሳ እርሱም በወረቀት ይጠቀለላል።

6ኛ. ማሸግ። ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በአየር ግፊት ስለሚደቅቁ ከረጢቱ ምግቡን መጫን ሲጀምር ፓምፑን አቁሞ ማጣበቅ ያስፈልጋል። አፉን በሁለት መሥመር ማጣበቅ የበለጠ ያስተማምናል። ሽቦው እንዳይቃጠል በእያንዳንዱ ከረጢት መካከል መሣሪያው አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ።

7ኛ. መፈተሽ። የታሸገው ከረጢት ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው። ደህና የሆነውም አንድ ቀን ከቆየ በኋላ እንደገና ይታያል። ከላላ ተከፍቶ እንደገና ይታሸጋል።

8ኛ. መጻፍ። የምግቡ ዓይነት፣ ክብደቱና የታሸገበት ቀን ይጻፍበታል። ቅቤ ወይም ሥጋ ያለበት «የፍስክ»፣ የሌለበት «የጾም» ተብሎ ቢለይ ለገዢውም ለመንገደኛውም ይጠቅማል።

5. ለአንድ መንገደኛ የሚበቃ የአንድ ቀን ስንቅ

በሶ 200 ግራም፣ ቆሎ 150 ግራም፣ ድርቆሽ 150 ግራም፣ ዳቦ ቆሎ 100 ግራም፣ ሽሮ 60 ግራም፣ ንጥር ቅቤ 30 ግራም። ጠቅላላ ክብደቱ 690 ግራም ሲሆን ወደ 2,600 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለሦስት ቀን ጉዞ ስንቁ ከ2 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። ከባድ ሸክም ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው በሶውና ቆሎው ይጨመር። በጾም ወቅት ቅቤው በዘይት ይተካል።

6. የከፍታ ጉዳይ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሰባት ዐሥረኛው ብቻ ነው። ከረጢቱን ከምግቡ ጋር የሚያጣብቀው የውጭው የአየር ግፊት ስለሆነ በእኛ ደጋ የታሸገ ከረጢት በመሣሪያው መመሪያ ላይ በሥዕል እንደሚታየው ድርቅ ብሎ ላይጠብቅ ይችላል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም። ይበልጥ ይጥበቅ ብሎ ፓምፑን ደጋግሞ ማሠራት መሣሪያውን ይጎዳዋል።

በሌላ በኩል በቆላ የታሸገና አየር የቀረበት ከረጢት ከ3,200 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ጓሳ ሲወጣ ይነፋል፤ ወደ ቆላ ሲመለስም ይሟሽሻል። በምግብ መበላሸት ምክንያት የተነፋ ግን ወደ ቆላ ቢመለስም አይሟሽሽም። መንገደኛ በጉዞ ላይ ይህን ለመለየት ስለሚቸገር እርጥበት ይኖረዋል ተብሎ የሚጠረጠር ምግብ የያዘ የተነፋ ከረጢት ሳይቀመስ ይጣል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ውሃ በጓሳ ከፍታ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው። ሽሮና ቋንጣ በዚያ ቦታ ከቤት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መንተክተክ አለባቸው። ቋንጣ ሳይበስል መብላት አይመከርም፤ መድረቁ ብቻ የኮሶ ትልንና በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን ለመግደሉ ዋስትና አይሆንም።

7. መሣሪያ በሌለበት ቦታ

መብራት በሌለበት ቀበሌ ወፈር ያለ ላስቲክ ከረጢት መጠቀም ይቻላል። ምግቡ ከገባ በኋላ ከረጢቱ አፉ ከላይ ቀርቶ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጠልቃል፤ የውሃው ግፊት አየሩን ያስወጣዋል። ከዚያም የከረጢቱ አፍ በሁለት የብረት መጋዝ ስለቶች መካከል ተይዞ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ጠርዝ ወደ ውጭ ቀርቶ፣ በሻማ ነበልባል አጠገብ በፍጥነት ይታለፋል። ጠርዙ ቀልጦ ይጣበቃል። ይህ ዘዴ ለሳምንታት ጉዞ በቂ ነው።

በኩንታል ለሚቀመጥ ገብስና ባቄላ ደግሞ የቤት መሣሪያ አያገለግልም። ለዚህ የሚስማማው ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት መጨረሻ በካሜሩን ጥራጥሬን ከነቀዝ ለመጠበቅ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በአገራችንም ይሠራበታል። ፓምፕ አያስፈልገውም፤ በውስጡ ያሉት ነፍሳት ኦክስጅኑን ራሳቸው ጨርሰው ይሞታሉ።

8. ማጠቃለያ

ለሁለትና ለሦስት ቀን መንገድ ደረቅ ቆሎ በሚገባ ከተቋጠረ ያለ መሣሪያም ይበቃል። መሣሪያው ወጪውን የሚመልሰው ስንቅ ለወራት ሲቀመጥ፣ ወደ ሩቅ አገር ሲላክ ወይም ለሽያጭ ሲቀርብ ነው። ስለሆነም ለየቤቱ አንዳንድ ከመግዛት ይልቅ ስንቅ አዘጋጅተው ለመሸጥ የሚፈልጉ እናቶች በማኅበር ሆነው በአንድ መሣሪያ ቢገለገሉ ይሻላል። ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲታሰብ ብዙ አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ስለማያስገቡ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባዶ ከረጢቶችም በጓሳና በወፍ ዋሻ እንዳይጣሉ መንገደኛው ይዟቸው እንዲመለስ ይነገረው።

የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት ለገበሬውና ለቤት እመቤቶች ሲያስተላልፉ ከሁሉ አስቀድመው ሊያስጨብጡት የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መፈተሽ፣ በመጨረሻ ማሸግ። ባልደረቀ ምግብ ላይ ከመሥራት ጨርሶ አለመሥራት ይሻላል።